ያስቀመጥኳቸው ገጾች፣ የሚያቆዩአቸው ሰዎች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ የምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሩን ሊቀይር ነው። ፋይሎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረኝ የብሮውዘሩ ቡክማርክ፣ ማለትም ያስቀመጥኳቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች (ሊንኮች) ዝርዝር ነው። ለዓመታት “በኋላ አነበዋለሁ”፣ “ይኼ ለተመራቂ ተማሪ ይሆናል”፣ “ይኼስ እንዳይጠፋኝ” እያልኩ ኮከቧን ስጫን ኖሬያለሁ። ዝርዝሩን አውጥቼ ሳየው መጨረሻው አይደረስበትም። እንዳለ ጠቅልዬ ወደ አዲሱ ማሽን ላዛውረው እችል ነበር፤ ግን ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ይዤው መሄድ አልፈለግኩም። ስለዚህ ማታ ማታ ደንበኛ ሲያልቅ አንድ በአንድ እከፍታቸው ጀመር።

ብዙዎቹ ብዙ ወሬ አያስፈልጋቸውም። ቀኑ ያለፈበት የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ፣ ከተሸጠ የቆየ ፕሪንተር ድራይቨር፣ ለምን እንዳስቀመጥኩት የማላስታውሰው የዜና ገጽ። ሰረዝኳቸው።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ልሰርዛቸው የማልፈልጋቸው፣ ግን ስጫናቸው የማይከፈቱት። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም። ይህን ቁጥር ቀድሞ አንብቤው ነበር፤ በራሴ ዝርዝር ላይ ሳየው ግን ቁጥር መሆኑ ቀረ። ሊንክ ማስቀመጥ አድራሻ መጻፍ ነው። አድራሻው ደብተሬ ላይ ስላለ ቤቱ አይቆምም። ቤቱን የሚያቆመው እዚያ ማዶ ያለ ሰው ነው፤ ኪራይ የሚከፍል፣ ሰርቨር የሚጠብቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግን። እኔ ደግሞ ስንቱን ገጽ ስጠቀም ያንን ሰው አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ሊንክ ለማስቀመጥ ተብለው የተሠሩት አገልግሎቶች ራሳቸው እንኳ አልዘለቁም። ዴሊሺየስ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ፣ በ2005 ያሁ ገዝቶት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2017 ፒንቦርድ የሚባለው ትንሽ አገልግሎት ገዛው። የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያስነብብ የነበረው ጉግል ሪደርም በ2013 ተዘጋ። “በኋላ ላንብበው” ለሚል ሰው ሁሉ መጠለያ የነበረው ፖኬት ደግሞ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ፒንቦርድን የሚያስተዳድረው ማቼይ ሴግሎውስኪ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፍት ጀምሮ ተጠቃሚውን ገንዘብ ያስከፍል ነበር። ያን ጊዜ ለሊንክ ማስቀመጫ ገንዘብ መጠየቅ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ዴሊሺየስን የገዛው ማን እንደሆነ ሳይ፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች የሚደግፉት ነገር እንደሚቆይ አምናለሁ።

ከማይከፈቱት ሊንኮች ሁሉ ልቤን የነካው አንዱ ነው። ታሪኩ ከጎንደር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ቤታችን የሚመጡ አንድ መሪጌታ አሉ። መልክዕ ያስጽፋሉ፣ የዕድር ደብዳቤ ያስጽፋሉ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው ሊያርፉ ይገባሉ። አንድ ቀን ለንደን ስላለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነገርኳቸው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ ከአድባራቱ ብዙ መጻሕፍት ወስደዋል፤ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም አከማችተዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከዚያ የወሰዷቸው ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎ ነበር። በጎንደር ዘመን የተጻፈና የተሳለ አንድ ተአምረ ማርያም ከፈትኩላቸው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው ወንበር ሳቡ። ቅጠሉን ልገልጥ ስል፣ “ቆይ ልጄ፣ አትግለጪው፣ ገና አልጨረስኩም” ይሉኛል። ሥዕሉን አልነበረም መጀመሪያ ያዩት፤ ጽሕፈቱን ነው። የቀለሙን፣ የፊደሉን አጣጣል፣ ጸሐፊው መስመር ሲያልቅበት ፊደል እንዴት እንዳጠበበ። ኅዳጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስታወሻ አጉይልኝ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ በዝግታ አነበቧት። ቤቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት የመጡ ተማሪዎች ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላችን ቆመው ያዩ ነበር።

ሌላ ጊዜ፣ “እስቲ ያንን መጽሐፍ ደግመሽ አሳዪኝ” ብለው መጡ። አልተከፈተም። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የመረጃ ዘራፊዎች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገብተው ነበር። ገንዘብ ካልከፈላችሁ አሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ ዘራፊዎቹ የሰረቁትን መረጃ በተኑት፤ የብራና መጻሕፍቱ ምስሎችም ከኢንተርኔት ጠፉ። ይህን ለመሪጌታ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ “እንግዲህ ሁለተኛ ተማረከ በይኛ” አሉ።

ምስሎቹ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተመለሱ ነው፤ የድሮው አድራሻ ግን አይሠራም። ቡክማርኩን ስከፍት ያገኘሁት ባዶ ገጽ ነበር። ለጎንደር ሰው ይህ ተራ የቴክኒክ ብልሽት አይደለም። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች የፈረንሳይ አጥኚዎች በ1932 እ.ኤ.አ. አውርደው በምትካቸው ቅጂ አስቀምጠው ሄደዋል፤ ዋናዎቹ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ ቅርሶች ጋር የምንገናኝበት መንገድ ለአብዛኞቻችን ስክሪን ብቻ ነው። ቪዛም የአውሮፕላን ቲኬትም የሌለው ሰው የአባቶቹን መጽሐፍ የሚያየው በአንድ ሊንክ ነው። ሊንኩ ሲሞት እንደገና ይርቀናል።

ለእንዲህ ያለው ችግር የመጀመሪያው መድኃኒት የኢንተርኔት አርካይቭ አገልግሎት የሆነው ዌይባክ ማሽን ነው። ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ ድረ ገጾችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየገለበጠ ያስቀምጣል፤ ከ2001 ወዲህም ማንም ሰው የሞተ አድራሻ ለጥፎ የድሮውን ቅጂ መፈለግ ይችላል። በጥቅምት 2025 የያዛቸው ገጾች አንድ ትሪሊዮን ደርሰዋል። ከሞቱት ሊንኮቼ ብዙዎቹን እዚያ አገኘኋቸው። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው የማጣቀሻ አጻጻፍ መመሪያ፣ ስለ ፋሲል ግቢ ጥገና የተጻፈ ረጅም ዘገባ፣ የግዕዝ ሰዋስው ትምህርት። የተአምረ ማርያሙን ግን መግለጫውን እንጂ ቅጠሎቹን አላገኘሁም።

ደግሞ አዳኙ ራሱ አልተረፈም። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት አርካይቭ ተጠቅቶ የ31 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ተሰርቋል፤ አገልግሎቱም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ከእነ ጉግል ጋር የሚወዳደር ገንዘብ የሌለው፣ በልገሳ የሚኖር ድርጅት ነው። የዓለምን ትዝታ እንዲህ ላለ ቤት አደራ ሰጥተን፣ ከመካከላችን ስንቱ ነው ዞር ብሎ “እንዴት አደራችሁ” ያለው?

ከዚህ በኋላ ቡክማርኮቹን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። “ይኼ ይጠቅመኛል ወይ” ከማለቴ በፊት “ይኼን ማን ነው የሚያቆየው” እል ጀመር።

ለምሳሌ የአማርኛ መጻፊያዬ ኪማን ነው። ማርክ ዱርዲን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ለላኦ ቋንቋ ነበር። ዛሬ ኤስአይኤል የሚባለው ድርጅት ይዞት በነፃ ይሰጠዋል፤ የአማርኛውን የቁልፍ አቀማመጥ ያዘጋጀው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንትም (የፊደል ቅርጽ) ነፃ ነው። በቀን የማወጣው ገጽ ሁሉ በእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ የቆመ ነው። ደንበኛ ለገጽ ይከፍለኛል፤ እኔ ግን ለእነሱ የምከፍለው የለም።

ከሁሉ የቀረበኝ ግን አንድ ትንሽ መቀየሪያ ነው። ሽማግሌ ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጧቸው የድሮ ፋይሎች አሉ፤ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ። ፎንቱ ከሌለ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ጫካ ናቸው፤ ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ ዩኒኮድ፣ ለፊደላችን የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የተጻፈው ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ፎንቱ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል። የሰው መታሰቢያ፣ የዕድር ሕግ፣ የማስተርስ ጥናት፣ ያልታተመ ልብ ወለድ። አንድ ሰው በራሱ ጊዜ የሠራው መቀየሪያ በኢንተርኔት አለ፤ በአንድ በኩል የተበላሸውን ጽሑፍ ትለጥፋላችሁ፣ በሌላው በኩል አማርኛ ይወጣል። ማስታወቂያ የለውም፣ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም።

ቡክማርኩን ስከፍት ብሮውዘሩ “ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም” አለኝ። የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎበታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ትቶታል ወይም ሊተወው ነው። ከገጹ ግርጌ የኢሜይል አድራሻ ነበረ። ጻፍኩለት። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምሠራ፣ መቀየሪያው የስንት ሰው ጽሑፍ እንዳተረፈ ነገርኩት። ሰርተፊኬቱ ማለፉን ነገርኩት። ከዚያም ከሥራ ብዛት ያየሁትን ጨመርኩበት፤ እነ ቈ፣ ኰ፣ ጐ፣ ኈ አንዳንዴ ወደ ቆ፣ ኮ፣ ጎ፣ ኆ እየተቀየሩ ይወጣሉ፤ የግዕዝ ጽሑፍ ለሚያስቀይር ሰው ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የትኛው የድሮ ምልክት የትኛው ፊደል መሆን እንዳለበት በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ አያያዝኩለት።

መልሱ ቆይቶ መጣ። ገጹን ሊዘጋው አስቦ እንደነበር ጽፎልኛል። “ማንም የሚጠቀምበት አልመሰለኝም ነበር” ይላል። ሰርተፊኬቱን አደሰው፤ ሠንጠረዡንም አስገባው። የሚጠቀመው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠውን ነፃ ሰርተፊኬት ነው፤ በየ90 ቀኑ መታደስ አለበት፤ አሁን በራሱ እንዲታደስ አስተካክሎታል። ሌትስ ኢንክሪፕትም እንዲሁ በልገሳ የሚኖር ለትርፍ ያልቆመ ሥራ ነው። አንዱን ደጋፊ ስትከተሉት ከኋላው ሌላ ደጋፊ ይገኛል።

ይህ ደብዳቤ ብዙ አስተምሮኛል። ተጠቃሚ ዝም ሲል ሠሪው የሚሰማው የምስጋና ዝምታ አይደለም፤ ባዶ ቤት ነው። ከዝምታም የከፋ አለ። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለች፤ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት በሚሠሩ በዓለም ላይ ባሉ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ትገኛለች። ለዓመታት የጠበቃት ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ የፊንላንድ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች “ለምን ዘገየህ፣ ለሌላ ስጥ” እያሉ ይጎተጉቱት ጀመር። እሱም ጤናው እንደተቸገረ፣ ሥራውም ያለ ደሞዝ በትርፍ ጊዜ የሚሠራው መሆኑን ጻፈ። በመጨረሻ አጋዥ መስሎ የቀረበ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ሥራውን ተጋራ። ያ ሰው በ2024 መጀመሪያ ላይ ሰርቨሮችን በድብቅ የሚያስከፍት በር አስገባባት። ነገሩ የታወቀው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን ዘገየብኝ ብሎ ስለመረመረ ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ሰባሪው ብልህ መሆኑ አይደለም። የደከመ ሰው ብቻውን ሲቀር፣ ሊረዳው የመጣው ሌባው ብቻ ሆነ።

እንዴት እንደግፍ ወደሚለው ስመጣ ገንዘቡ ለእኛ ከባድ መሆኑን ሳልሸሽግ ልናገር። ከስልኬ ለባጃጅም ለመብራትም እከፍላለሁ፤ ባሕር ማዶ ላለ ቤተ መዛግብት ግን አምስት ዶላር መላክ አልችልም፤ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ያላቸው ጥቂት ናቸው። መንገድ ያገኘሁት በዘመድ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓል “ምን ልላክልሽ?” ትለኛለች፤ ሁልጊዜ ጫማ ወይም ሽቶ ነው። ባለፈው፣ “እትዬ፣ ለእኔ የምታወጪውን ለኢንተርኔት አርካይቭ ስጪልኝ” አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። “የማን ልጆች ናቸው?” አለችኝ። ሳስረዳት የጎንደርን የድሮ ፎቶዎች እዚያ ፈልጋ አገኘች፤ አሁን በየወሩ ትንሽ ትልካለች። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ይህንን አስቡበት፤ ጎንደር ውስጥ ውጭ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

ገንዘብ ከሌለ ግን ሥራ አለ፤ እኔ እንደማምነው ለአማርኛ ተጠቃሚ ሥራው ከገንዘቡ ይበልጣል። አማርኛ ውክፔዲያ ውስጥ ያሉት መጣጥፎች 15,000 ገደማ ናቸው። ስለ አንድ የጎንደር ደብር ትክክለኛ ሦስት አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ለውክፔዲያ የሰጠው ነገር በዶላር አይለካም፤ ያንን ሊጽፍ የሚችል ካሊፎርኒያ ውስጥ የለም። የተበላሸ ነገር ስታዩ ንገሩ፤ ስትነግሩም ኮምፒውተራችሁ ምን እንደሆነ፣ ምን ስትጫኑ እንደተበላሸ ጻፉ። ገጹን ዌይባክ ማሽን ላይ እናንተው አስቀምጡት፤ አድራሻውን ለጥፎ “አስቀምጥ” ማለት ብቻ ነው።

ቅጂ መያዝን እኛ በክልላችን በተለየ ምክንያት ተምረነዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ኮከብ የተጫነበት ሊንክ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። የሠራልን ኪዊክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ፣ ውክፔዲያን ሙሉ በሙሉ በአንድ ፋይል አድርጎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነፃ ፕሮግራም። ፋይሉን ቀድሞ ያወረደ አንድ ሰው ነበር፤ ከእሱ በፍላሽ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ተማሪዎች ተላለፈ። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ስልክ ላይ ይገባል። የፈተና ጥናት ላይ ያሉ ልጆች ወንበር ላይ ተደራርበው ስለ ደም ዝውውር ሲያነቡ አይቻለሁ፤ መስመሩ ተቋርጧል፣ እውቀቱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ካርታም እንዲሁ። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው የስልክ ካርታ፣ ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው በሚችለው ነፃ የዓለም ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ላይ የተሠራ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጎንደርን ስከፍት ያየሁት አሁን የያዝነውን ሥራ ወለደ። መንገዶቹ አሉ፤ ብዙ ቦታ ግን ስም የለውም፤ ያለውም በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ ይበዛል። ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነን የአርባ አራቱን ታቦታት ስም በአማርኛ እያስገባን ነው። መሪጌታ ዝርዝሩን በእጃቸው ጽፈው ሰጡን። ሌላ ካህን ስንጠይቅ ደግሞ የተለየ ዝርዝር ሰጡን፤ በአንዱ ያለ ደብር በሌላው የለም፣ አንዱ ከፋሲል እስከ ኢያሱ ዘመን የተተከሉትን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ቆይተው የመጡትንም ይጨምራል። መሪጌታን ይህን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ “ሄዳችሁ እዩ እንጂ፣ ካርታ የምትሠሩት በወሬ ነው?” አሉን። የካርታው ደንብም ይኸው ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ያለው ይመዘገባል። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚስማሙባቸውን አስገብተናል። የማይስማሙባቸውን ቅዳሜ ከሰዓት በእግር እየዞርን እናያለን፤ ከአዘዞ ወዲህ ያለው አልቋል፣ በቁስቋም በኩል ያለው ይቀረናል። ሰፈሩን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ዳገቱን አብረን እንወጣለን።